የአያቴ ወሬና ጥንት ፈላጊዎቹ እንግሊዞች

እኔ ባደግሁበት በዳንግላ ከተማ፣ ክረምት ገብቶ ከምድጃው ዙሪያ ስንሰበሰብ አያቴ ከሚያወሩልን ወሬ አንዱ የእንግሊዙ ቆንስል ወሬ ነበረ። እሳቸው በዚያን ዘመን የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ ሆነው ለቆንስሉ በቅሎዎች ሣር ያጭዱ እንደ ነበረ፣ ቆንስሉም ወፍ በጠመንጃ መትቶ፣ ሥጋውን ጥሎ፣ ቆዳውን ከነላባው ገፍፎ ጥጥ እየሞላ በሣጥን ያኖር እንደ ነበረ ይነግሩን ነበር። እኛ ልጆቹ በዚህ እንሥቅ ነበር። ሥጋውን ጥሎ ላባውን የሚያስቀምጥ ሰው ከወዴት ይገኛል! አያቴ ግን አይሥቁም። «ያ ሰው የሚጠይቀው አያልቅበትም ነበር፤ የወንዙን ስም ይጠይቃል፣ የተራራውን ስም ይጠይቃል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማን እንደ ተከለው ይጠይቃል፤ የተነገረውንም ሁሉ በደብተሩ ይጽፋል» ይሉ ነበር። ከዚያም ዝም ብለው እሳቱን ይቆሰቁሱና ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራሉ።

በ1998 ዓ.ም. የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የታሪክ መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ ሽማግሌ ጠይቀን፣ የተነገረንን እንዳለ ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። ለእኔ ከዚህ የቀለለ ሥራ አልነበረም፤ ሽማግሌው በቤታችን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋልና። ነገር ግን የልጅነት ስንፍና ክፉ ነው። አያቴ ወሬ ሲጀምሩ ነገሩ ይረዝማል፤ ከአማርኛው ወደ አዊኛው ይሻገራሉ፤ ስም በስም ላይ ይደራርባሉ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ምሽት የኳስ ጨዋታ ነበረብኝ። ስለዚህ ግማሹን ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጬ፣ ግማሹን ከራሴ ፈጥሬ፣ ከላዩ «አያቴ እንደ ነገሩኝ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። ከሃያ ዐሥራ ዘጠኝ አገኘሁ። አያቴ ፊደል አይቈጥሩም ነበርና ወረቀቱን ተቀብለው በቀይ ቀለም የተጻፈውን ቍጥር እያዩ ደስ አላቸው፤ «እኔ ምን ብዬ ነው የጻፍኸው?» ብለውም ጠየቁኝ። «ሌላ ቀን አነብልዎታለሁ» አልኋቸው። ያ ሌላ ቀን አልመጣም። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስሁበት በ2000 ዓ.ም. አያቴ ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ፣ ዕድሜዬም ሠላሳን ዘልቆ፣ እንጅባራ ላይ በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ እገኛለሁ። በ2009 ዓ.ም. ለዐሥር ቀን ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተልኬ ሳለሁ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነፃ ብሆን በስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የገባሁት ስለ ዳንግላ የተጻፈ ነገር ቢገኝ ብዬ ነው። ሠራተኛዋ ጥቂት አሰብ አድርጋ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ደራሲው ሜጀር ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን ይባላል፤ መጽሐፉ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ጥቁር ዓባይ የሚናገር ሲሆን በ1936 ለንደን ላይ የታተመ ነው። (ከእንግዲህ ወዲህ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር የምጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዬ ይወቅልኝ።) ይህ ሰው ከ1925 እስከ 1934 ድረስ መቀመጫውን ዳንግላ ላይ አድርጎ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ነበረ። ወፍ አጥኚም ነበረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጄ ከገጹ ላይ ቀረ፤ የአያቴ ቆንስል በወረቀት ላይ ተነሥቶ ቆመብኝና።

የእኔ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ በዚያ ሳምንት በምሳ ሰዓቴ ሁሉ እየተመላለስሁ ቃል በቃል ለቀምሁት። ሰውየው በመጣ ጊዜ ዓባይ በካርታ ላይ በብዙ ቦታ የተሣለው በነጠብጣብ ብቻ ነበረ፤ ይህ ማለት ወንዙ በዚህ ሳያልፍ አይቀርም ተብሎ በግምት የተሰመረ ማለት ነው። እርሱ ግን የቆንስልነቱን ሥራ እየሠራ፣ በበቅሎና በእግር ሸለቆውን እየተከተለ፣ ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ ያለውን የወንዙን አካሄድ በካርታ አኖረ። በጣናም ላይ ከደሴት ወደ ደሴት እየተሻገረ ገዳማቱን ጎበኘ፤ መነኮሳቱ ስለ ገዳማቸው የነገሩትንም ጻፈ። ነገሩ የሚያሳዝነው መጽሐፉ የታተመበት ዓመት አገራችን በጠላት የተወረረችበት ዓመት መሆኑ ነው፤ ከነገሩት ሰዎች መካከል ስንቱ በዚያ ጊዜ በዱር በገደል ነበረ!

እኔ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ነገር እፈልግ ነበር፤ ሣር የሚያጭድ አንድ የዳንግላ ልጅ። አላገኘሁትም። ደግሞስ በምን ስም ልፈልገው? አያቴ በልጅነታቸው በምን ስም ይጠሩ እንደ ነበረ፣ በግቢው ውስጥ ከማን ጋር ይውሉ እንደ ነበረ፣ አስተርጓሚው ማን እንደ ነበረ አልጠየቅሁምና የማመሳክረው ነገር አልነበረኝም። ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው ስለ አገሬ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሲተው፣ እኔ የገዛ አያቴን ወሬ ከሃያ ዐሥራ ዘጠኝ ለወጥሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ የመጠየቅና የመጻፍ ልማድ በእንግሊዞች ዘንድ ከወዴት እንደ መጣ ለማወቅ ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ። እነርሱ የጥንት ነገር የሚፈልገውን፣ አሮጌ ድንጋይና አሮጌ ብራና የሚሰበስበውን ሰው «አንቲኳሪ» ይሉታል፤ እኔ በአማርኛ ጥንት ፈላጊ ልበለው። ታሪክ ጸሐፊ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሲጽፍ፣ ጥንት ፈላጊው ግን የፈረሰ ቅጥር ይለካል፤ በመቃብር ላይ ያለ ጽሕፈት ይገለብጣል፤ የመንደር ስም ከምን እንደ መጣ ባላገሩን ይጠይቃል። በዘመኑ ብዙ ተሥቆበታል፤ እኛ ልጆቹ በወፉ ቆዳ እንደ ሣቅነው ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ሥራው የተጀመረው ከጥፋት ውስጥ ነው። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት የእንግሊዝን ገዳማት ሁሉ ዘግቶ ሀብታቸውን ወረሰ። ለብዙ መቶ ዓመታት የተከማቸው ብራና ተበተነ። በዚያን ዘመን ጆን ሌላንድ የሚባል ሰው አገሩን እየዞረ ከየገዳማቱ መጻሕፍት ምን እንዳለ ይመዘግብ ነበር፤ ልቡናው በመጨረሻ ታውኮ ሥራውን ሳይፈጽም ሞተ። ቀጥሎ ዊልያም ካምደን በ1586 የብሪታንያን አገር በየክፍለ አገሩ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው መምህር ነበረ፤ የጥንቱን ስፍራ በዓይኑ ለማየት ይዞር ነበር። በ1707 ለንደን ላይ ጥንት ፈላጊዎች ማኅበር መሠረቱ፤ በ1751 ከንጉሡ ደንብና ፈቃድ አገኘ፤ እስከ ዛሬም አለ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጆን ኦብሪ ነው። ኦብሪ ልጅ በነበረበት ዘመን የተበተነው የገዳም ብራና በየቤቱ ነበር፤ የተማሪዎች ደብተር በእርሱ ይለበድ ነበር፤ ጓንት ሰፊዎች ጓንት ይጠቀልሉበት ነበር፤ አንድ ቄስ ደግሞ ጥሩ ጠላ ሲጠምቅ የበርሜሉን አፍ በብራና ቅጠል ይደፍን እንደ ነበረ ኦብሪ ጽፏል። አድጎ ወደዚያ ስፍራ ቢመለስ አንድም አልቀረም። ይኸው ሰው መጻሕፍት ሲጽፍ የማያውቀውን ዘመን ወይም ስም በግምት አይሞላም፤ ስፍራውን ባዶ ትቶ «ይጠየቅ» ብሎ ያልፋል። ብዙው ጽሑፉ እንዲሁ በቀዳዳ የተሞላ ነው። በሕይወት ሳለ ያሳተመው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን የጥንቱን የድንጋይ ክበብ የሚያጠኑ ሊቃውንት የእርሱን ማስታወሻ ሳያዩ አይሄዱም።

ስለዚያ የጠላ በርሜል ባነበብሁ ጊዜ ፊቴ ቀላ። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በ2003 ዓ.ም.፣ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት አሮጌ መዛግብት መጋዘን አጣብበዋል ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ከኮሚቴው አንዱ ሆንሁ። የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ክርክር አቤቱታ፣ የምስክር ቃል፣ በወይን ጠጅ ቀለም የታተመ ማኅተም ያለበት፣ አንዳንዱ በመልካም የቁም ጽሕፈት የተጻፈ ወረቀት ሁሉ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ በኪሎ ተሸጠ። በቃለ ጉባኤው ላይ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። ከሁለት ወር በኋላ ገበያ ወጥቼ ኮረሪማ ብገዛ፣ ሻጭዋ የጠቀለለችልኝ ወረቀት ከእነዚያ አንዱ ነበር። ቤቴ ደርሼ ኮረሪማውን ገልብጬ ወረቀቱን አቃናሁት። አንዲት ባልቴት ከባላቸው ስለ ወረሱት መሬት ያቀረቡት አቤቱታ ግማሽ ነው፤ የቀበሌው ስም አለ፣ የድንበሩ ምልክት የሆነው ዛፍ አለ፣ የተፈረደው ፍርድ ግን በሌላው ግማሽ ላይ ነበረ። ያን ሌላ ግማሽ ማን ምን ገዝቶበት እንደ ሄደ እንጃ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በእኔ ዘንድ አለ፤ የኮረሪማው ሽታም ገና አልለቀቀውም።

ወደ አገራችን ልመለስ። የእኛን አገር ሊጎበኙ የመጡት ጥንት ፈላጊዎች ብዙዎች ናቸው፤ እኔ የምናገረው በእኛ በአዊ ምድር ላይ አሻራቸው ስላለ ስለ ሁለቱ ነው። የመጀመሪያው ጄምስ ብሩስ ነው፤ በትውልዱ ስኮትላንዳዊ እንጂ እንግሊዛዊ አይደለም፤ ይህን ማደባለቅ ስኮትላንዶችን ያስቈጣል ይባላል። ብሩስ ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አየ። ጉረኛ ሰው ነበረ። ከእርሱ በፊት፣ በ1618፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ካህን ያንኑ ምንጭ እንዳየ ቢጻፍም ብሩስ ይህን ከቶ አልተቀበለም። ነገር ግን ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ፤ ከእነዚህም አንዱ አውሮፓ ሙሉውን ለብዙ ዘመን ያላየው መጽሐፈ ሄኖክ ነበረ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የብሩስ መጻሕፍት ከሞተ በኋላ በ1843 ለኦክስፎርዱ የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተሸጡ።

ከእነዚያ መካከል እኔን ከሄኖክ ይልቅ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ብሩስ በኢትዮጵያ የሚነገሩትን ቋንቋዎች ለማነጻጸር አንድ ብልሃት አገኘ፤ አንዱን መጽሐፍ፣ ይኸውም መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን፣ በልዩ ልዩ ቋንቋ አስተረጎመው። ከቋንቋዎቹ አንዱ እርሱ «የዳሞት አገው» የሚለው፣ ዛሬ አዊኛ የምንለው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ እናቶቻችን በገበያና በጓዳ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በፊት በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ኦክስፎርድ ውስጥ ተቀምጧል። ያስተረጎመው ብሩስ ነው፤ የተረጎመው ግን ቋንቋውን የሚያውቅ የአገር ሰው ነው።

ከቋንቋዎቹ ሌላው የጋፋት ቋንቋ ነበረ። ጋፋቶች በዓባይ አካባቢና በዳሞት ይኖሩ የነበሩ፣ ለእኛ ጎረቤት የሆኑ ሕዝብ ናቸው። ቮልፍ ሌስላው የሚባለው የቋንቋ ሊቅ በ1945 ያንን የብሩስን የጋፋት ጽሑፍ አጥንቶ ካሳተመ በኋላ፣ ቋንቋውን ከሰው አፍ ለመስማት በ1947 ወደ ጎጃም መጣ፤ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው አራት ተናጋሪዎች ብቻ ነበረ። ዛሬ አንድም የለም። ሰዎቹ አልጠፉም፤ ልጆቻቸው አማርኛ ተናጋሪ ሆነው በመካከላችን ይኖራሉ፤ ቋንቋው ግን ከእነዚያ ወረቀቶች በቀር ሌላ ቤት የለውም።

ሁለተኛው ቻርልስ ቲልስተን ቢክ ነው፤ እውነተኛው ጥንት ፈላጊ እርሱ ነው፤ የለንደኑ የጥንት ፈላጊዎች ማኅበር አባል ነበረና። መጀመሪያ ነጋዴ ነበረ፤ ኋላ ሕግ ተማረ፤ ኋላም የመጽሐፍ ቅዱስን ጥንታዊ ጂኦግራፊ እመረምራለሁ ብሎ ተነሣ። በ1840 ከአገሩ ወጥቶ በሸዋ በኩል ወደ ጎጃም ገባ፤ እስከ 1843 ድረስ በጎጃም ተቀምጦ፣ በባሶ ገበያ አጠገብ ማረፊያ ይዞ፣ አገው ምድርንና የዓባይን ምንጭ እየዞረ ጎበኘ። የባሶ ገበያ በዚያን ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝበት ነበረ። ቢክ ይህን ተጠቅሞ ከየአገሩ ሰው ቃል መሰብሰብ ጀመረ፤ ጭንቅላትን ምን ትላላችሁ፣ ውኃን ምን ትላላችሁ፣ አንድ ሁለት ብላችሁ ቍጠሩልኝ፤ እንዲህ እያለ ከዐሥር የሚበልጡ የቋንቋ መዝገቦች አዘጋጀ። ከእነርሱም መካከል የአገው ምድር አገውኛና ጋፋትኛ አሉ። ሥራውም በ1845 በለንደን የፊሎሎጂ ማኅበር ታተመ።

እኔ ይህን የቃል መዝገብ በፎቶ ኮፒ አግኝቼ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳነብበው አደርሁ። አንዳንዱን ቃል እንዳነበብሁት የአያቴ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ አንዳንዱን ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ብዙ ጊዜ ብለውም አልታወቀኝ አለ። የአዊኛ ቤት ማለት የመጀመሪያ ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ይህ ድምፅ የለውም፤ የእንግሊዝም ፊደል በቃል መጀመሪያ ላይ አይችለውም። ዛሬ በዞናችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዊኛ የሚማሩ ልጆች ለዚህ ድምፅ «ጘ» የሚባል ፊደል አላቸው። እኔ ግን ያን ፊደል አልተማርሁም። በመዝገብ ቤት ስሠራ የሰውና የመንደር ስም በዚህ ድምፅ ሲመጣብኝ በ«ነ» ወይም በ«ገ» ጽፌ አልፋለሁ፤ ባለ ስሙም የተጻፈውን ስም ሲሰማ ጥቂት ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። ቢክ ስሙን ቢያበላሽ እንግዳ ነው፤ ይቅር ይባላል።

ቢክ ጠበኛም ነበረ። ለእውነት ሲል ብሩስን ተቃውሞ፣ ፓኤዝ በእርግጥ የዓባይን ምንጭ አይቷል ብሎ በ1848 አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚህስ ልክ ነበረ፤ ይህን የመሰለ የራስን አገር ሰው የማረም ድፍረት እወድድለታለሁ። ነገር ግን በዚያው ጠባዩ፣ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከፋ አልደረሰም ብሎ ሙግት ገጠመ፤ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የሸለመውን የወርቅ ኒሻን እስከ መመለስ ደረሰ። ዳባዲ ግን በእርግጥ ከፋ ደርሶ ነበር። አንዱ ሰው በአንዱ ነገር ትክክል፣ በሌላው ስሕተት ሲሆን ማየት ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል፤ ነጭ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝና፣ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ ሳመሰግን አንባቢዬ በልቡ «መቅደላስ?» ሳይል አይቀርም። መልስ አለኝ ለማለት አልደፍርም። በሚያዝያ 1868 መቅደላ በወደቀ ጊዜ ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበረ፤ የመጣውም ቅርስ እንዲመርጥና እንዲገዛ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው ለመድኃኔ ዓለም ያከማቹት መጽሐፍ ተዘርፎ ተሸጠ፤ ሦስት መቶ ኀምሳ ያህሉ ለንደን ገባ። ሆልምስ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ለራሱ አስቀርቶ እስኪሞት ድረስ በቤቱ አኖረው። የዕውቀት ሰው ነኝ ከሚል ይህ አይጠበቅም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን ክብረ ነገሥት እንዲመለስ ጽፈው ጠይቀዋል፤ በ1872ም አንድ ቅጂ ተመልሷል። ጠይቆ የጻፈ ሰው ለባለቤቱ ቃሉን አያሳጣውም፤ ሽማግሌው ከተናገረ በኋላም ወሬው ከእርሱ ዘንድ ነው። ብራናውን የወሰደ ግን መቅደሱን ባዶ አድርጎ ይሄዳል። እኔ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አይሆንልኝም፤ እነርሱ ግን በአንድ ማኅበር ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር።

ደግሞ የጻፉት ባዕዳን ብቻ እንዳይመስል፣ በዚሁ በጎጃም አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ነበሩ። ሠዓሊም ጸሐፊም ነበሩ፤ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን አድገው፣ የጎጃምን ሕዝብ ትውልድ ከየአገሩ ሽማግሌ ጠይቀው በአማርኛ ጽፈዋል። የለንደን ማኅበር አልነበራቸውም፤ ማተሚያ ቤትም አልነበራቸውም። ሥራቸው በመጽሐፍ መልክ እኛ እጅ የደረሰው ካለፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥር ወር ለዕረፍት ወደ ዳንግላ ወረድሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ፣ የቆንስሉ ቤት የነበረበትን ስፍራ ለመጠየቅ ተነሣሁ። ከዘጠና ዓመት በላይ አልፎታልና ያየ ሰው የለም፤ ከአባታቸው የሰሙ ግን አሉ። መጀመሪያ የሄድሁት አያቴ የክርስትና አባታቸው ወደ ነበሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ነው። በትራቸውን አንሥተው በአንድ ወገን ያለውን ዳገት አሳዩኝ፤ «ከዚያ ባሕር ዛፍ ወዲህ ነው፤ አባቴ ነግሮኛል» አሉ። ጻፍሁ። ቀጥሎ ወደ አንዲት አሮጊት ሄድሁ፤ ጠላ ቀዱልኝና «ማነው እንዲህ ያለህ? እሱ የጠላት ጊዜ ካምፕ ነው፤ የቆንስሉ ቤት በዚህኛው ወገን ነው፤ እናቴ እንቁላል ትሸጥለት ነበር» ሲሉ ሌላ ስፍራ አሳዩኝ። የሚናገሩት በአዊኛ ነበር፤ እኔ የምመልሰው በአማርኛ ነው። የስፍራውን ስም ስጠይቃቸው ያ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ያለበት ስም ጠሩልኝ። ደግሜ አልሁት። «አይደለም» አሉኝ። ደግሜ አልሁት። «አይደለም ልጄ፤ አያትህ እንዲህ አይሉትም ነበር» አሉና ቃሉን በዝግታ ሦስት ጊዜ አሰሙኝ።

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የልጅ ልጃቸው ከጎናችን ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። እርሳሱን ከእጄ ወስዳ ያን ፊደል በደብተሬ ላይ ጻፈችልኝ። እኔም ከሥሩ የመሪጌታውን ቃል፣ ከእርሱም ቀጥሎ የእኒህን እናት ቃል፣ ቀኑንና የተናገሩበትን ቦታ ጨምሬ ጻፍሁ። ሁለቱ ስፍራዎች በሩብ ሰዓት መንገድ ይራራቃሉ። የቱ እውነት እንደ ሆነ አላወቅሁምና ከመካከላቸው ሁለት መስመር ባዶ ትቼ «ይጠየቅ» ብዬ አለፍሁ። ስነሣ አሮጊቷ እጄን ያዙኝና፣ «እኔ ምን ብዬ ነው የጻፍኸው? አንብብልኝ» አሉኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁና አነበብሁላቸው።